የማራቶን ኪሎ ሜትር ድሬ ላይም ይቆጠር

በመስከረም 2012 ዶሃ ላይ የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ተብሎ እኩለ ሌሊት ላይ ነበር የተጀመረው። አልሆነም። ከተነሱት 68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ አገራችንን የወከሉት ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም ከአቋራጮቹ መካከል ነበሩ። ሙቀት ተፈርቶ ከቶኪዮ ወደ ሳፖሮ በተዛወረው የነሐሴ 2013 የወንዶች ኦሊምፒክ ማራቶንም ሌሊሳ ዴሲሳ፣ ሹራ ቂጣታና ሲሳይ ለማ አልጨረሱም።

ጥፋቱን ሁሉ በሙቀት ላይ አናላክክም። ሌሊሳ ራሱ ወርቁን፣ ሞስነት ገረመው ብሩን የወሰዱት ዶሃ ላይ፣ ከሴቶቹ ውድድር በሳምንቱ ነው። ሆኖም የማራቶን ዝግጅታችን ከእንጦጦ፣ ከሱሉልታና ከሰንዳፋ ብርድ ብዙም አይወጣም። ከፍታን አሳምረን እናውቃለን፤ ሙቀትን ግን ብዙው አትሌት የሚያገኘው በውድድሩ ቀን ነው። ይህ ስህተት ነው እንላለን።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ቀትሯ 35 ዲግሪ ይነካል። በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ሐረማያ የወጣ ደግሞ 2,000 ሜትር ከፍታ ያገኛል። ሁለቱንም በአንድ መንገድ የሚሰጥ ከተማ ስንት አለን? የድሬ ሙቀት ደረቅ እንጂ የዶሃ ዓይነት ወበቅ አለመሆኑ እውነት ነው። ቢሆንም ሰውነት ቶሎ ማላብን፣ ልብም በሙቀት ተረጋግቶ መምታትን የሚለምዱት ሙቀት ውስጥ ሲሠሩ ነው። ለዚህም ከ10 እስከ 14 ቀን ይበቃል።

ችግሩ እነዚያን ቀናት በትዕግሥት ማሳለፉ ላይ ነው። ደጋ ላይ በሳምንት 180 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አትሌት ድሬ እንደወረደ ያንኑ ቁጥር ልድገም ካለ ይታመማል። መጀመሪያ ኪሎ ሜትሩን ይቀንስ፣ ፍጥነቱን ይተው፣ ሲለምድ ይጨምር። ለድሬ ልጅም ነገሩ ያው ነው። በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ወጣት በሚቀጥለው ሳምንት 33፣ ከዚያ 36 ቢል፣ በአራተኛው ወደ 28 ወርዶ እግሩን ቢያሳርፍ ከአራት አምስት ወር በኋላ 42ቱን ኪሎ ሜትር የሚችል ጉልበት ያበጃል። ጓደኛው 60 ሮጠ ብሎ 60 የሮጠ ግን በሦስተኛው ሳምንት የጉልበቱን ሕመም ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። ከሩጫ በፊትና በኋላ ሚዛን ላይ መውጣትም አይናቅ፤ ሁለት ኪሎ የጎደለው ሁለት ሊትር ያህል ውኃ ጎድሎታል፣ ማሊያው ላይ የደረቀው ነጭ ምልክትም የወጣበት ጨው ነው።

ሯጩ ይህን ሁሉ ቢያደርግ እንኳ የት ይሩጥ? የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ለዚህ የተተከለ ይመስላል፤ ነገር ግን ገና ሳይነጋ የሚነሳ ሯጭ አስፋልቱን ከባጃጅ ጋር ይሻማል። ረፋድ ላይ ልሩጥ ቢል ፀሐዩ አይቀመስም። አዲስ አበባ በ2011 መንገድ ለሰው ብላ ጎዳናዋን ለእግረኛ መዝጋት ጀምራለች። ድሬ ከማንም በላይ ምክንያት ያላት ከተማ ናት።

የከተማው አስተዳደር ከከዚራ ጎዳናዎች አንዱን ቢያንስ እሑድ እሑድ ከንጋቱ 11 እስከ 1 ሰዓት ለሯጮች ይልቀቅ፣ ውኃም ያቅርብ። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ደግሞ የማራቶን ቡድኑ ለሙቀት ውድድር ሲዘጋጅ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በከፊል ድሬ ላይ እንዲያሳልፍ ዕቅድ ይያዝ። የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በሐምሌ 2020 ነው።