የላኦስ ባቡርና ዕዳው

ባሕር የሌላት ላኦስ ከዋና ከተማዋ ከቪየንቲያን እስከ ቻይና ወሰን 414 ኪሎ ሜትር የሆነውን የባቡር ሐዲድ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2021 ዓመት ከፈተች። ስድስት ቢሊዮን ዶላር ያህል የፈጀው ይህ ሥራ ከመቶ 70 እጁ የቻይና ኩባንያዎች ነው፤ ገንዘቡም አብዛኛው ብድር ነው። ባቡሩ የሚነቀፍ አይደለም፤ ወረርሽኙ ካለፈ ወዲህ፥ መነኮሳቱ በማለዳ ምጽዋት ሲቀበሉ ለማየት ወደ ሉዋንግ ፕራባንግ ለሚጐርፈው እንግዳ መንገዱን ወደ ሁለት ሰዓት ያህል አሳጥሮለታል። ነገር ግን አገሬው ቲኬቱን የሚገዛው በኪፕ፥ ዕዳው የሚከፈለው በውጭ አገር ገንዘብ ስለ ሆነ፥ በ2022 ዓመት የኪፕ ዋጋ እጅግ ሲወድቅ የዕዳው ሸክም ከበደ። እንግዲህ የላኦስ ሹማምንት ከእንግዳው ቍጥር ይልቅ፥ ካመጣው ዶላር በአገር ውስጥ የሚቀረው ስንት እንደ ሆነ ሊመረምሩ ይገባቸዋል። ታላቁ የኤሌክትሪክ መሥመር እንኳ በዚያው በ2021 ዓመት፥ አብዛኛው ድርሻ የቻይና ለሆነ ኩባንያ ለ25 ዓመት ተሰጥቷል።