ደመወዝና ቦነስ

ዘመን መለወጫ ሲቃረብ በብዙ ቤት የሚሰማ አንድ ጭውውት አለ። አባወራው «ዘንድሮ ቦነስ ይሰጡናል» ይላል፤ ባለቤቱም በዚሁ ተስፋ በጉን በዱቤ ትገዛለች፣ የልጆቹንም የትምህርት ቤት ልብስ ታሰፋለች። ገንዘቡ የቀረ እንደ ሆነ ግን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል፤ ዕዳውም ከቤት ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የሁለቱን ቃላት ልዩነት ልንገልጽ አሰብን።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደመወዝ የሚለው፣ ሠራተኛው በውሉ መሠረት ለሠራው ሥራ የሚከፈለውን መደበኛ ክፍያ ነው። ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ የውሎ አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከደመወዝ አይቆጠሩም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ መሆኑን አንባብያን ልብ ይበሉ።

ደመወዝ በሥራ የተገኘ መብት ስለ ሆነ አሠሪው እንደ ወደደ ሊቀንሰው አይችልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ፣ አለዚያም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር፣ ከደመወዝ መቁረጥ ክልክል ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዝ ከሲሶው ሊበልጥ አይገባም።

ቦነስን እንደ መብት ለመጠየቅ ግን በሥራ ውል፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በድርጅቱ ደንብ ተጽፎ ቢገኝ ይበጃል። በዚያም መጠኑና የሚከፈልበት ጊዜ ተለይቶ ሲነገር ክርክር ይቀንሳል። አለቃ በግብዣ ላይ የተናገረው መልካም ቃል ለጠያቂው ጽኑ ማስረጃ አይሆነውም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው ለዚህም ያገለግላል።

ሌላም የምናሳስበው ነገር አለ። ብዙ ሠራተኞች «አሠሪዬን እንዳላስቀይም» እያሉ የቀረባቸውን ክፍያ ሳይጠይቁ ወራት ያሳልፋሉ። ሕጉ ግን የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌላም ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል ይላል። ይሉኝታ ይርጋን አያቆመውም።

እንግዲህ ሠራተኛው የደመወዝ መዝገብ ከመፈረሙ በፊት የተቆረጠበትን ገንዘብ ልክና ምክንያቱን ይመርምር፤ የውሉንም ቅጂ በቤቱ ያኑር። ባልና ሚስትም የቤታቸውን ወጪ በደመወዝ ልክ ይወስኑ። ቦነስ ቢመጣ እሰየው፤ ቢቀር ግን የልጆች እንጀራ አይጓደልም።