መድኃኒታችን የት ይደርሳል?

ባለፈው ሳምንት አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ከሕመሙ ከዳነ በኋላ የተረፉትን ክኒኖች ሽንት ቤት ጨምሮ ውሃ ሲለቅባቸው አየሁና «ምነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ልጅ አንሥቶ እንዳይውጣቸው ነው» አለኝ። በዶርሚታችን ልጅ ከየት እንደሚመጣ አላስረዳኝም፤ ቢሆንም መልሱ የደግ ሰው መልስ ነው። እኔም አምና ይህንኑ አድርጌአለሁ።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ኬሚስትሪ ሲናገር የሳይንስ ተማሪዎች ይስቁ ይሆናል። ቢስቁም ያነበብሁትን ልንገራችሁ።

በካናዳ፣ በኦንታርዮ ክፍለ ሀገር፣ ለምርምር የተለዩ ሐይቆች አሉ። ከነዚህ በአንዱ፣ ቁጥር 260 በሚባለው፣ ካረን ኪድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ድረስ በወሊድ መከላከያ ክኒን ውስጥ የሚገኘውን ሆርሞን ጨመሩበት። መጠኑ በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ነበር፤ ይኸውም አንድ ግራም በ200 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ እንደ መበጥበጥ ያህል ነው። በዚህችው ምክንያት ወንዶቹ ዓሦች ለእንቁላል አስኳል የሚያገለግለውን ፕሮቲን በሰውነታቸው ያመርቱ ጀመር። ፋትሄድ ሚኖው የሚባለው ትንሽ ዓሣም ከሐይቁ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። እርሱን የሚበላው ትልቁ ዓሣም ተከትሎ ተመናመነ። እንግዲህ የተጨመረው ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት እንጂ መርዝ አልነበረም። ሆርሞኑ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ሚኖው ተመልሶ መብዛቱን ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ማስፈራራት ይሆንብኛል።

በስዊድንም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት፣ ኦክሳዜፓም የተባለ የጭንቀት መድኃኒት የነካው ፐርች ዓሣ ከመንጋው እየተለየ ደፋር እንደሚሆን አሳየ። በ2025 ደግሞ ክሎባዛም የተሰጣቸው ሳልሞኖች ከዳል ወንዝ ተነሥተው ባልቲክ ባሕር የደረሱት ካልተሰጣቸው በዝተው ተገኙ። «ታዲያ ምን ከፋ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዓሣን ከአዳኙ አፍ የሚያድነው ፍርሃቱና መንጋው ነው፤ ሁለቱን ከወሰድንበት በኋላ ባሕሩ ውስጥ ምን እንደሚቆየው ማን ያውቃል?

ይህን ለአንድ የምህንድስና ተማሪ ባወራው፣ «ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚሞትበት አገር አንተ ለስዊድን ዓሣ ታለቅሳለህ!» ብሎ ተቆጣኝ። ቁጣው የሚናቅ አይደለም። መድኃኒት ይቀነስ የሚል ሰው ቢኖር እኔም አብሬው እቆጣለሁ።

ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የ104 አገሮችን 258 ወንዞች የመረመረ ጥናት ወጥቶ ነበር። በመድኃኒት ብክለት ከላሆርና ከላፓዝ ቀጥላ ሦስተኛ የሆነችው አዲስ አበባችን ናት፤ በአማካይ በሊትር 51.3 ማይክሮግራም ተገኘባት። ይህ የብዙ ንጥረ ነገሮች ድምር ስለ ሆነ ከካናዳው ሐይቅ ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። ከተለኩትም መካከል ካፌይን ይገኛል፤ ቡናችንም አላመለጠችም ማለት ነው።

የስዊድን ወንዝ ባሕር ይገባል። የእኛ አቃቂ ግን በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከዚያ በፊት ግን በአቃቂ ውሃ የበቀለው ጎመን ከተማችን ይገባል፤ የቆቃ ዓሣ ይጠመድበታል፤ አዳማ ትጠጣዋለች፤ የከረዩና የአፋር ከብት ይረካበታል። ባሕር የለንምና የጣልነው ሁሉ እዚሁ እኛው ዘንድ ይቀራል። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ዝም አለ፤ ተረታ ግን አልልም።

አብዛኛው መድኃኒት ወደ ወንዝ የሚሄደው በሽንታችን በኩል ስለ ሆነ ትርፍ ክኒን መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም። የፍሳሽ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ እርሱም ውድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሕግ ለዚሁ ለተጨማሪው ማጣሪያ ወጪ ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች ይክፈሉ ብሏል። እኛ ዘንድ ማን ይክፈል? የሕግና የኢኮኖሚ ተማሪዎች በዚህ ላይ ክርክር ቢያዘጋጁ እኔ ወንበር እሸከማለሁ።

እስከዚያው ማኅበራችን ለትርፍ መድኃኒት መሰብሰቢያ አንድ ቁልፍ ያለው ሣጥን እንዲያስቀምጥና የሞላውን ለማቃጠያ የሚረከብ እንዲፈልግ በሚቀጥለው ስብሰባ አሳስባለሁ። የእኔን አሥራ አንድ ክኒን ወደ ታከምሁበት ክሊኒክ ይዤ ብሄድ «አንቀበልም፣ ጣለው» ተብያለሁ። ክኒኖቹ አሁንም በመሳቢያዬ ውስጥ ናቸው።