ሌሊት የማይተኛው ልጅ

የተወደዳችሁ በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ያላችሁ ወላጆችና አገልጋዮች፣ በጸሎት ፕሮግራሞቻችን ደጋግሜ ስላየሁት ነገር ልጻፍ። እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ «ሌሊት አይተኛም፣ አይበላም፣ መንፈስ ይዞት ይሆን?» ትላለች። እጅ እንጭናለን፣ እንገሥጻለን። «መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ወሰደ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ሐኪም ለትኩረት ማጣትና ለመቅበጥበጥ ችግር ሜቲልፌኒዴት ካዘዘ፣ ሰዓቱም የሕክምናው ክፍል ነው። ቶሎ የሚሠራው ዓይነት ከተዋጠ በኋላ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያህል ያገለግላል፤ ቀስ እያለ የሚለቀቀው ደግሞ ከ8 እስከ 12 ሰዓት። ሁለቱም የምግብ ፍላጎት ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ዘግይተው ከተሰጡ እንቅልፍ ይነሳሉ። ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚሰጡትም ለዚህ ነው።

የእኛ ኑሮ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ያስተምራሉ። የከሰዓት ፈረቃ የሆነ ልጅ ቶሎ የሚሠራውን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዋጠ፣ ክፍል ሲገባ ኃይሉ አልቋል። ፈረቃ ሲቀየር ለሐኪሙ መንገር ነው እንጂ በራስ ግምት ወደ 10 ሰዓት መግፋት ሌሊቱን ማበላሸት ነው። 10 ሰዓት ደግሞ ቡና የሚፈላበት ነው! በረካው ለልጆች ይደርሳል፤ የቡና አገር ሰዎች ስለሆንን ቡና የልጅንም እንቅልፍ እንደሚያባርር እንረሳለን።

ይህን ሁሉ ሳይጠይቁ «መንፈስ አለበት» ማለት በደል ነው እላለሁ። ልጁ ይሰማል። ሰፈርም ይሰማል፤ ቅጽል ስም ሆኖ ይቀርበታል። ከዚህ የሚከፋው «እምነት ካለሽ መድኃኒቱን ጣዪው» የሚለው ምክር ነው። እኔ በጌታ ፈውስ አምናለሁ፣ ለእነዚህም ልጆች እጸልያለሁ። ነገር ግን በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። ቀስቅሶ አበላው፣ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፣ እንደገና አበላው። በኮሬብ ድምፁን የሰማው ከእንቅልፉና ከእንጀራው በኋላ ነው።

እናንተ የጸሎት አገልጋዮች፣ በሚመጣው እሁድ እንዲህ ያለች እናት ስትመጣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ቁርሱ፣ ስለ ቡናው ጠይቋት፣ ከዚያ አብራችሁ ጸልዩ። ሰኞ ደግሞ ከመካከላችሁ አንዱ ወደ ሐኪሙ ይሸኛት። ከአጋሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድረስ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚቅበጠበጥ ልጅ ይዛ ብቻዋን አትሂድ።