ምርቱ ሲያድግ አራሹስ? የኢኮኖሚ ማሻሻያው ከአርሲ ደጋ ሲታይ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። መንግሥት ማሻሻያው የወጪ ንግድን ያበረታታል ሲል፣ ተቺዎች ኑሮ ውድነትን ያባብሳል ይላሉ። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በአዲስ አበባ ገበያ ላይ ነው። እስቲ እኛ ደግሞ ከአርሲ፣ የጄጁ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከአርቦዬ ሆነን እንመልከተው። አርሲ እንዲህ ያለውን ዕድገት ከዚህ ቀደም አይታለችና።

የካዱ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በአሰላ ካዱ የተባለውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ምክር በአንድነት ለገበሬው ቀረቡ፤ የስንዴው ምርትም አደገ። ይሁን እንጂ መሬቱ የባለርስቱ እንጂ የአራሹ አልነበረም። እርሻው አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን አስነሡ። ድርጅቱ ብድሩን ለአነስተኛ ገበሬዎችና ለጭሰኞች ለመወሰን ቢሞክርም፣ የጭሰኝነት ውልን ያስተካክላል የተባለው ረቂቅ ሕግ በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅ ባለርስትነትን እስኪሽር ድረስ ብዙዎች ተፈናቅለው ነበር። ጄጁን ጨምሮ መላው አርሲ በፕሮግራሙ የታቀፈው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ችግሩ ዘሩና ማዳበሪያው አልነበረም፤ የዕድገቱ ባለቤት ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ዕድገቱ መቅደሙ ነበር።

ዛሬስ?

ዛሬ ጭሰኛ የለም። ነገር ግን ትንሹ ገበሬ ከመሬቱ ሊወጣ የሚችልባቸው በሮች ሌላ መልክ ይዘው ይገኛሉ።

አንደኛ፣ ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር ነው። ድጎማ ቢኖርም የምንዛሪው ለውጥ ሸክም እስከ ማሳው ይደርሳል። የኮምባይነር ኪራይም ነዳጅና መለዋወጫ በተወደደ ቁጥር ይጨምራል።

ሁለተኛ፣ የእህል ዋጋ መጨመር ሁሉንም እኩል አይጠቅምም። ሰፊ ማሳና ጎተራ ያለው ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃል። ግማሽ ሄክታር ያለው ግን ዕዳውን ለመክፈል በአጨዳ ሰሞን በርካሽ ይሸጥና በክረምት መልሶ በውድ ይገዛል። ለእርሱ የእህል መወደድ ኪሳራ ነው።

ሦስተኛ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ይፈቅዳል። ይህ መልካም ዕድል ነው፤ በሬ የሞተበት ሰው ወደ አራጣ አበዳሪ ከመሄድ ይድናል። ዝናብ በቀረበት ዓመት ግን በዕዳ ምክንያት ማሳውን ለሌላ ሰው አስረክቦ፣ ልጆቹን ወደ ዓረብ አገር የሚልክ አባት ሊኖር ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ማሻሻያ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። አንድ አገር ዶላሩን በሁለት ዋጋ እየገዛች ለዘላለም ልትኖር አትችልም። የምንለው ዕድገትን በኩንታል ብቻ አንለካው ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በዘሌዋውያን 19 ላይ ባለ ማሳው ዳርና ዳሩን እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ታዝዟል። የባለመሬቱ መብት ሳይሻር ለትርፉ ወሰን ተበጀለት። ዛሬ ማሳውን የሚያጭደው ኮምባይነር ቢሆንም ትእዛዙ ይሠራል።

ቤተ ክርስቲያናችን በገጠር ከሆነች፣ ፊደል የቆጠሩ ወጣቶች ለሽማግሌዎች የብድሩንና የኪራዩን ውል ከመፈረማቸው በፊት ያንብቡላቸው። ምእመናን በአጨዳ ሰሞን ተባብረው እህል ቢያከማቹ ማንም በችኮላ አይሸጥም። እርስዎ በከተማ ቢሆኑም በገጠር ወንድም ወይም አጎት አለዎት። በሚቀጥለው ጊዜ ስልክ ሲደውሉ “ዘንድሮ አዝመራው እንዴት ነው?” ብለው አያብቁ፤ “ማሳው አሁንም በእጅህ ነው?” ብለው ይጠይቁት።