የብቻ መንገደኛና የገበሬው ጓዳ

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በጥር ወር 2011 ዓ. ም. የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፥ ከደሴም በሕዝብ አውቶቡስ አቀስታን አልፌ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ርቃ ወደምትገኘው ወደ መካነ ሰላም ተጉዤ ነበር። የያዝሁት 2,000 ብር፥ አንድ ጋቢ፥ ጥቂት በሶና አንድ የጀርባ ቦርሳ ነው። አብሮኝ የሄደ ሰው አልነበረም፤ የላከኝም መሥሪያ ቤት የለም። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ በመንገዴ ያስቸገረኝ ግን እርሱ ነው።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች አገራችንን የምናውቃት በውሎ አበል ነው። ስብሰባ ሲጠራ በመሥሪያ ቤቱ መኪና እንሄዳለን፤ ከሆቴሉ ወደ አዳራሹ፥ ከአዳራሹ ወደ ሆቴሉ ተመላልሰን እንመለሳለን። ደሴን ብዙ ጊዜ የረገጠ አንድ ባልደረባዬ ጦሳን ከሆቴሉ መስኮት ከማየት በቀር አንድም ቀን እንዳልወጣበት ነግሮኛል። እንግዲህ ሰው በገዛ ገንዘቡና በገዛ እግሩ አገር ለማየት ብቻ ይሄዳል ቢባል ማን ያምናል? በአንዲት ትንሽ ከተማ ኬላ ላይ አንድ ወጣት ታጣቂ መታወቂያዬን ገልብጦ ካየ በኋላ «ለምን ሥራ መጣህ?» ሲል ጠየቀኝ። «አገር ለማየት» አልሁት። «ደብዳቤ አለህ?» «የለኝም»። «ታዲያ ማን ላከህ?» ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ከሻዩም አካፍሎኛል። ነጋዴ፥ ለቀስተኛ፥ ተሳላሚ፥ ባለሥልጣን ቢሆን ያውቃል፤ እኔን የሚመድብበት ግን አጣ።

ነገሩ የሚያስገርመው በአገራችን የብቻ መንገደኛ አዲስ ነገር ስላልሆነ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ውሻውን በዱላ እየመከተ ከጎጃም ወሎ፥ ከወሎ ጎንደር ሲዘዋወር የኖረ ነው። በ1959 ዓ. ም. ዴርቭላ መርፊ የምትባል የአየርላንድ ሴት በቅሎ እየሳበች ሰሜኑን አገራችንን በእግሯ አቋርጣ ስለ ጉዞዋ መጽሐፍ አሳትማለች። የባዕድ አገር ሰው ሲሆን ጎብኚ ይባላል፤ የአገሩ ልጅ ሲሆን ግን ይጠረጠራል።

ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው ደን ይገኛል (ስሙ አንባቢን አያስቅ)። በ2001 ዓ. ም. ፓርክ ሆኖ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል። ከታች ኮሶውና ጥዱ፥ ከላይ አስታውና ጅብራው፥ ከዚያም በላይ የጓሳው ሣር አለ። ጭላዳ በመንጋ ሲግጥ አይቻለሁ። በዓለም ላይ ከጥቂት መቶዎች የማይበልጠው ቀይ ቀበሮም በዚያ ይኖራል፤ እኔ ያየሁት ጀርባውን ብቻ ነው፤ እርሱም በቃኝ።

በዚያው ቀን ብርዱ ሲጠና ከአንድ አዛውንት ገበሬ ደጅ ቆሜ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» አልሁ። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ ልጄ» አሉኝ። ከመደቡ ላይ አስቀምጠው እግሬን አጠቡኝ፤ እንጀራ በሽሮ ቀረበልኝ፤ የቤቱን ባናም ለእኔ አለበሱኝ። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ስገላበጥ የቤቱ እመቤት በሹክሹክታ ሲናገሩ ሰማሁ። ለካስ የበላሁት እንጀራ ትንሹ ልጅ ከጎረቤት ተልኮ በብድር ያመጣው ነበር፤ ያም ልጅ ባናውን ለእኔ ለቆ ምድጃው ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሲነጋ 100 ብር ብሰጣቸው እመቤቲቱ ተቆጡ። «እንግዳ ሸጠን አናውቅም» አሉ። ከመደቡ ላይ ትቼው ብሄድ አዛውንቱ ቁልቁለቱን ሮጠው ደርሰውብኝ መለሱልኝ።

በዘጠኝ ቀን ያጠፋሁት 1,140 ብር ብቻ ነበር። ቢሮ ተመልሼ በዚህ ብዙ ተኩራርቼበታለሁ፤ ሰው በጥቂት ገንዘብ አገሩን ማየት ይችላል እያልሁም ሰብኬአለሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ርካሽ ያደረገው የእኔ ቁጠባ አልነበረም። የቀረውን ሒሳብ የከፈለልኝ ያ ጓዳ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ፥ ለእንግዳ ማደሪያ ዋጋ ቢተመን የወሎ ደግነት ይጠፋል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በዓመት አንድ መንገደኛ በረከት ነው፤ በየሳምንቱ ሲመጣ ግን ያልታወጀ ግብር ይሆናል፤ ግብሩንም የሚከፍለው ከሁሉ ይልቅ የሌለው ነው። በሰሜን ወሎ የመቄት ገበሬዎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በጋራ የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፥ በተወሰነ ዋጋ እንግዳ ሲቀበሉ፥ ገቢውንም ለመንደራቸው ሲያውሉት ነበር፤ ዋጋ መተመኑ ቡና ማፍላት አላስተዋቸውም። በቦረናና በሳይንትም ደኑ ፓርክ ሲሆን ግጦሽና እንጨት የቀረበት ገበሬ ነው። የአንድ ሌሊት መኝታ ዋጋ ለእርሱ ቢደርስ፥ ቀበሮውን ከውሻና ከቃጠሎ የሚጠብቅበት ምክንያት ባገኘ ነበር።

ከ2015 ዓ. ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ማንንም ቦርሳህን አንግተህ ውጣ አልልም፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ምክር መስጠት የሰውን ሕይወት ማቃለል ነው። ሆኖም መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ይህን የሚያስቡ ባለሥልጣኖች አስቀድመው በየመንደሩ ሁለት ንጹሕ አልጋ፥ ዋጋው በግልጽ የተጻፈበት ሰሌዳ፥ ኬላ ጠባቂውም ከመታወቂያ ሌላ ደብዳቤ እንዳይጠይቅ የሚያዝ አንድ መመሪያ ቢያዘጋጁ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። ሎጅና አስፋልት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

እኔም በ2012 ዓ. ም. ለዚያ ልጅ የሚሆን ብርድ ልብስና ጥቂት ደብተር በአንድ የመካነ ሰላም አውቶቡስ ሾፌር እጅ ልኬ ነበር። ይድረሰው አይድረሰው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ