ጂጂ በእርግጥ «ተመለሰች» ወይ?

ስለ እጅጋየሁ ሽባባው፣ ስለ ጂጂ፣ ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ ትረካ ይደጋገማል። የቻግኒዋ ልጅ ባሕር ማዶ ተሻግራ በማሽን ድምፅ ተዋጠች፤ ኋላ ግን ኤሌክትሮኒኩን ትታ ወደ ሀገረሰብ ዜማ፣ ወደ ሥሯ ተመለሰች ይባላል። በፍቅር የሚነገር ትረካ ነው፤ እኔም ለዓመታት አምኜው ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ስሕተት ነው እላለሁ። ስሕተቱ ደግሞ ከእሷ አልፎ እዚህ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ቴፒ ያሉትን ጀማሪ ድምፃውያን ይነካል።

እስቲ ዓመታቱን እንቁጠር (ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። በቢል ላስዌል አዘጋጅነት፣ የጃዝ ሊቃውንቱ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር የተሳተፉበት፣ በስሟ የተጠራው አልበም የወጣው በ2001 ነው። በ2003 ላስዌል ያንኑ አልበም ፈታትቶ ዳብ በሚባለው የማሽን ስልት እንደገና ሠራው፤ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ተባለ። ድምፅዋ እዚያ ውስጥ ከሩቅ እንደሚመጣ ጥሪ ብቅ ጥልቅ ይላል። «መመለሷ» የሚባለው «ዛየን ሩትስ»፣ «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል የቡድን ስም የወጣውም በዚያው በ2003 ነው። በ2006 ደግሞ «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» መጣ፤ ማሽኑም አብሮ መጣ። 2003 መመለስ ከሆነ 2006ን ምን ልንለው ነው? እንደገና መጥፋት?

ይዘቱንም እንይ። ማሽን የበዛበት በሚባለው የ2001 አልበም ውስጥ «ባለ ዋሽንቱ»፣ «ዓባይ»ና «አድዋ» አሉ። ሥር በሚባለው «ዛየን ሩትስ» ውስጥ ደግሞ የላስዌል ጊታር፣ የደቡብ አፍሪካዊው ቶኒ ሴድራስ አኮርዲዮንና የካርሽ ካሌ የሕንድ ታብላ አሉ። ቻግኒ ታብላ አልነበረም። ሀገረሰብነቱን የተሸከመው ዜማዋ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁለቱም አልበሞች አልተለየም።

ማሽን ራሱ ወደ ቤት የሚያደርስበት ጊዜም አለ። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄዶ በዚያው የቀረው ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ፣ በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን አልበም ዋሽንግተን ሲቀዳ የልጅነቱን አኮርዲዮን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከሮድስ ፒያኖ ጋር ብቻውን ደራረበ። ባንዱ ተበትኖ ነበር፤ የባንዱን ቦታ ማሽኖቹ ያዙለትና እሱ ወደ አኮርዲዮኑ ተመለሰ።

«ሀገረሰብ» ስንል ክራር ይዞ ብቻውን የሚያንጎራጉር ሰው ብቻ የሚታየን ከሆነ የደቡብ ምዕራቡን ሙዚቃ አናየውም። የክራር ተጫዋቾቹን የካሳ ተሰማንና የአስናቀች ወርቁን ታላቅነት ማንም አይክድም። ነገር ግን የሸኮ፣ የቤንችና የመዠንግር ዜማ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ በሚሉት አራት የቅኝት ስሞች አይጠራም። ኅዳር ላይ ቴፒ የቡና ማድረቂያ አልጋ ዙሪያ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ የሚለቅሙ ሴቶችን ሰምቻለሁ። አንዷ ታወጣለች፣ የቀሩት ይቀበላሉ፤ ጣቶቻቸው ግን ከፍሬው አይነሡም። አንድ ቀን በስልክ የተከፈተ የጂጂ ዘፈን መሐል ላይ ባትሪው አለቀ። ማንም ስልኩን አላየም። ካቆመበት አንዷ አነሣችው፣ ግጥሙን ለዋወጠችው፣ ሌሎቹም ተቀበሏት።

የማሽኑ ተቃዋሚዎች ትክክል የሆኑበትን ነገር አልሸሽግም። በአንድ ፍጥነት የተሞላ ችክችካ ሰርጉን ሁሉ አንድ መልክ አስይዞታል፤ ይህ ያሳዝነኛል። የኪቦርድ ቁልፎችም እኩል ተከፋፍለው የተቀመጡ ናቸውና በመካከላቸው የሚያልፈውን የድምፅ እርምጃ ይውጡታል። ይህ ግን የዕቃው ጠባይ ነው፤ በዕቃው ጠባይ የዘፋኙን ታማኝነት መመዘን አይቻልም።

ቴፒ ውስጥ ኪቦርድ ተውሶ የእናቱን የሸኮ ዘፈን የሚለማመድ ወጣት አውቃለሁ። «ይህን ጣልና ክራር ያዝ» ያሉት ብዙ ናቸው። ባለፈው ማታ አጠገቡ ተቀምጬ አዳመጥኩት። እናቱ የምታወጣት አንዲት ድምፅ በሁለት ቁልፎች መካከል ናት። በቀኝ እጁ ቁልፉን ተጭኖ፣ በግራ አውራ ጣቱ ድምፅ ማጠፊያዋን ጎማ በጥቂቱ ወደ ታች ይስባል፤ ያቆማል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ እንደገና ይስባል። እናቱ ከጓዳ ሆና «ትንሽ ዝቅ» አለችው።